መጀመሪያ ችሎቱን፣ ከዚያ ቤቱን፦ የዳኛ ዴቪድ ዴቪስ መኖሪያ ጉብኝት

በኢሊኖይ ግዛት መካከል፣ በቆሎና አኩሪ አተር ዓይን እስኪደክም በተዘረጋበት ሜዳ ላይ፣ ብሉሚንግተን የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። ከከተማዋ እምብርት በስተምሥራቅ፣ ዛፍ በበዛበት ሰፊ ግቢ ውስጥ በቢጫ ጡብ የተሠራ ትልቅ መኖሪያ ቤት ቆሟል። ቤቱ የዳኛ ዴቪድ ዴቪስና የባለቤቱ የሴራ ነበር፤ ዛሬ የግዛቱ መንግሥት በቅርስነት የሚጠብቀውና በአስጎብኚ የሚታይ ቤተ መዘክር ነው። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ጉብኝቱን ለመገምገም ነው። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ የመጀመሪያው ጉዞዬ ከንቱ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፣ ሁለተኛው ግን በአሜሪካ ካየኋቸው የታሪክ ቦታዎች ሁሉ በልጦ በልቤ ቀርቷል። ልዩነቱን ያመጣው ቤቱን ያየሁበት ቅደም ተከተል በመሆኑ፣ በዋናነት የማስረዳው እሱን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሥራዬ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። በቺካጎ አካባቢ ባሉ ችሎቶች ቆሜ የዳኛን ቃል ወደ አማርኛ፣ የወገኔን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ የምውል በመሆኔ፣ አንድ ሰው እንዴት ዳኛ እንደሚሆንና ዳኛ ከሆነ በኋላ ወዳጅነቱን፣ ፖለቲካውንና ንብረቱን ምን እንደሚያደርገው የማወቅ ፍላጎቴ የቆየ ነው። በሁለተኛው ጉዞ አብረውኝ የሄዱት አጎቴ ደግሞ በወጣትነታቸው በወሎ በወረዳ ዳኝነት ያገለገሉ፣ ለተዘዋዋሪ ችሎት በበቅሎ የተጓዙ ሰው ናቸው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ የእሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ አስጎብኚ ድርጅት አውቶቡስ ነበር። በአንድ ቀን አምስት ቦታ ለማሳየት ቃል የገባው ይህ ድርጅት ለብሉሚንግተን የመደበው ጊዜ ምሳን ጨምሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም ነበር። በመንገድ ላይ ማይክራፎን የያዘው ሰው ዴቪስን የአብርሃም ሊንከን የጥብቅና ሸሪክ አድርጎ ነገረን፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ዴቪስ ሊንከን የሚሟገትበት ችሎት ዳኛ እንጂ ሸሪኩ አልነበረም። ቤቱ ስንደርስ የምንሮጥ ያህል አለፍን። የእምነ በረድ ምድጃና የከባድ መጋረጃ ትዝታ ይዤ ተመለስኩ፤ የአንድ ሀብታም ሰው ቤት አየሁ ከማለት በቀር ስለ ዳኛው አንዳች ነገር መናገር አልችልም ነበር። የተከፈለው ገንዘብ አላስቆጨኝም፤ ያስቆጨኝ በዚያ ቤት ውስጥ ሊነገር የሚገባው ሕይወት ሳይነገረኝ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ በሁለተኛው ጊዜ ከአጎቴ ጋር በመኪና ስንነሣ ብሉሚንግተንን አልፈን በቀጥታ ወደ ማውንት ፑላስኪ ሄድን። ከቺካጎ በኢንተርስቴት 55 ወደ ደቡብ ወርዶ ከዚያ ወደ ገጠር መታጠፍ ነው፤ መንገዱ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ማውንት ፑላስኪ እጅግ ትንሽ ከተማ ናት። በመካከሏ ባለው አራት ማዕዘን አደባባይ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ፍርድ ቤት ብቻውን ቆሟል። ከ1848 ጀምሮ የሎገን አውራጃ መቀመጫ ወደ ሌላ ከተማ እስኪዛወር ድረስ ችሎት ያስቻለው ይህ ሕንፃ ነው። ዴቪስ ዳኛ የነበረበት፣ ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየዞረ የሚያስችለው የቀድሞው ስምንተኛ ተዘዋዋሪ ችሎት ይቀመጥባቸው ከነበሩት የአውራጃ ፍርድ ቤቶች ውስጥ እስከ ዛሬ በቦታቸው የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ይህ ሲሆን ሌላው በሜታሞራ ይገኛል። በምድር ቤቱ የጸሐፊዎችና የሹማምንት ቢሮዎች አሉ፤ ደረጃውን ወጥተው ሲደርሱ ችሎቱ ራሱ ይገጥምዎታል።

አጎቴ በሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ዳኛው የሚቀመጥበት ቦታና ተከራካሪዎች የሚቆሙበት ቦታ እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ አንዱ ሲያቃስት ሌላው ይሰማዋል። አግዳሚ ወንበሮቹን እያዩ፣ «ልጄ፣ እዚህ የተቀመጠ ዳኛ የሚፈርድበትን ሰው ፊት ሳያይ መፍረድ አይችልም» አሉኝ። እኔ የምሠራባቸው የዛሬ ችሎቶች ሰፊዎች ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜ ተከሳሹ በቪዲዮ መስኮት ነው የሚቀርበው። ያን ቃላቸውን ይዤ ነው ቀኑን ሙሉ የዋልኩት።

እዚህ ላይ የሰውየውን አነሣሥ ማስቀደም ይኖርብኛል። ዴቪድ ዴቪስ በ1815 በሜሪላንድ ተወለደ፤ ሐኪም የነበረው አባቱ የሞተው እሱ ከመወለዱ በፊት ነው። በኦሃዮ ከሚገኘው ከኬንየን ኮሌጅ በ1832 ተመረቀ፤ በማሳቹሴትስ ሌኖክስ ከተማ በአንድ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ሕግ ተማረ፤ ኒው ሄቨንም ሄዶ የሕግ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1835 ወደ ኢሊኖይ መጥቶ መጀመሪያ በፒኪን ሠራ፤ በዓመቱ የጄሲ ፌልን የጥብቅና ሥራ ተረክቦ ብሉሚንግተን ሰፈረ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቱ ሲሆን፣ ከተማዋም ከተቆረቆረች ገና አምስት ዓመቷ ነበር። በ1838 በሌኖክስ ሳለ ያወቃትን ሴራ ዎከርን አገባ። በዘመኑ ከነበሩት ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች የአንዱ፣ የዊግ ፓርቲ ሰው ሆኖ በ1840 ለግዛቱ ሴኔት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ በ1844 ለታችኛው ምክር ቤት ተመረጠ፤ በ1847 አዲስ ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ በተጠራው የግዛቱ ጉባኤ አባል ሆነ። ይህ ጉባኤ ያወጣው ሕገ መንግሥት ዳኞች በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ደነገገ፤ ዴቪስም በዚያው በ1848 የስምንተኛው ተዘዋዋሪ ችሎት ዳኛ ሆኖ ተመረጠ። ሁለት ጊዜ በድጋሚ ተመርጦ እስከ 1862 ድረስ በዚሁ ወንበር ላይ ቆየ።

ዳኝነትን በምርጫ ማግኘት ለኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር ነው፤ አጎቴም «ታዲያ ድምፅ የሰጠውንና የነፈገውን ሰው እኩል እንዴት ያየዋል?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአሜሪካም እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዴቪስ ዘመን ለዚህ መልስ የሚሆነው የሥራው ባሕርይ ራሱ ይመስለኛል። በሰፋበት ጊዜ ስምንተኛው ችሎት አሥራ አራት አውራጃዎችን ያቀፈ ነበር። ዳኛው በየዓመቱ በጸደይና በመጸው፣ በእያንዳንዱ ወቅት ለሦስት ወር ያህል፣ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ጠበቆችም ይከተሉታል። በአንዱ ከተማ ጥቂት ቀን ተቀምጠው የተከማቸውን መዝገብ ያራግፉና ይነሣሉ። ድልድይ በሌለበት ወንዝ ይሻገራሉ፤ ዝናብ ሲጥል ጥቁሩ አፈር የሠረገላውን ጎማ ይውጠዋል። ማታ በየማረፊያው ሁለት ሦስት ሆነው በአንድ አልጋ ይተኛሉ፤ ዴቪስ ግን ክብደቱ ከ300 ፓውንድ በላይ ስለነበር አልጋ የሚጋራው አልነበረም። ለሴራ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ምግቡ፣ ስለ ጭቃውና ስለ ማረፊያው ንጽሕና ጉድለት አዘውትሮ ያማርራል።

የዚህ ሁሉ ድካም ደመወዝ ምን ያህል እንደነበር አጎቴ ማወቅ ፈለጉ። የ1848ቱ ሕገ መንግሥት ለተዘዋዋሪ ችሎት ዳኛ የወሰነው ደመወዝ በዓመት 1,000 ዶላር ነበር። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የራሳቸውን ደመወዝ ከበቅሎዋ ቀለብ ጋር እያነጻጸሩ የነገሩኝን እዚህ ማስገባት ከጉዳዩ ያርቀኛል። ይህ የ1,000 ዶላር ቁጥር ግን ከሰዓት በኋላ ቢጫው ቤት ስንደርስ እንደሚያስፈልገን ልብ በሉ።

የችሎት ቀን በእነዚህ ከተሞች እንደ ገበያ ቀን ነበር፤ ገበሬው ከቤተሰቡ ጋር መጥቶ ክርክሩን ያዳምጣል፤ በአገራችን በላ ልበልሃ ሲባል ከዛፍ ሥር ይሰበሰብ የነበረው ሕዝብ ትዝ ይላል። በዚሁ በማውንት ፑላስኪ ችሎት ውስጥ ተደረገ ተብሎ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። ሊንከን በራሱ ስለሚወዛወዝ የሕፃን አልጋ የፈጠራ መብት ሲከራከር ሞዴሉን ለችሎቱ አሳየ፤ ዳኛ ዴቪስ እንዴት እንደሚቆም ሲጠይቀው፣ እኛ የምናውቃቸውን አንዳንድ ተናጋሪዎች ይመስላል፣ አንዴ ከጀመረ መቼ እንደሚያቆም አያውቅም ሲል መለሰለት ይባላል። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይህን መስማት ታሪኩን ከመጽሐፍ አውጥቶ ሰውየው ከቆመበት ወለል ላይ ያኖረዋል።

በዳኛውና በጠበቃው መካከል የነበረው ወዳጅነት ግን ከቀልድ ያለፈ ስለሆነ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። ዴቪስና ሊንከን ለዓመታት አብረው ተጉዘዋል፣ በአንድ ማዕድ በልተዋል፤ ዳኛው ጉዳይ ሲገጥመው ሊንከንን በወንበሩ ያስቀመጠበት ጊዜ እንኳ ነበር። እኔ በምሠራበት ችሎት እንዲህ ያለ ቅርበት ቢኖር ዳኛው ከመዝገቡ መነሣት ግድ ይሆንበታል። ነገር ግን ዴቪስ ያለ ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ሳይኖሩ፣ ብቻውን ከወሰናቸው ሊንከን ከተሟገተባቸው 87 ጉዳዮች ውስጥ ሊንከን የረታው 40ውን ብቻ ሲሆን በ47ቱ ተረትቷል። ለወዳጁ ከማድላት ይልቅ መርታት አለመርታቱን ሕጉ እንዲወስን የተወ ዳኛ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም። በሌላ በኩል በ1857 ብሉሚንግተን ውስጥ ሊንከን ለኢሊኖይ ሴንትራል የባቡር ኩባንያ ለሰጠው አገልግሎት 5,000 ዶላር እንዲከፈለው ሲከስስ ችሎቱን የመራው ይኸው ዴቪስ ነበር። ሊንከን አስቀድሞ የተቀበለው 200 ዶላር ተቀንሶ 4,800 ዶላር ተፈረደለት። በዘመኑ ያስነወረ ነገር አልነበረም፤ ለዛሬ አንባቢ ግን ማንገራገሩ አይቀርም፣ እኔንም ያንገራግረኛል።

ከማውንት ፑላስኪ ወደ ሰሜን ተመልሶ ብሉሚንግተን መድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ቢጫው ቤት በሁለተኛው ጊዜ ፈጽሞ ሌላ ቤት ሆኖ ታየኝ። ጠዋት ያንን ጠባብ ችሎት ያየ ሰው የዚህን ቤት በር ሲያልፍ መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉ ከየት መጣ? መልሱ መሬት ነው። ዴቪስ ከወጣትነቱ ጀምሮ መሬት ይገዛ ነበር፤ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋና ስደተኛ ሲበዛ የገዛው መሬት ዋጋ አሻቀበ፤ በዳኝነት ደመወዙ የማይታሰብ ሀብትም አስገኘለት። በግሌ ጎብኚዎች ስለዚህ ነገር ጠበቅ አድርገው እንዲጠይቁ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም የዚያች ዘመን የአነስተኛ ከተማ ጠበቃ ዳኛም፣ ፖለቲከኛም፣ የመሬት ነጋዴም በአንድ ጊዜ መሆን ይችል እንደነበር ካልተረዳን የሰውየውን ሥራ አንረዳም። ያ መሬት ከዚያ በፊት የነባር ሕዝቦች፣ በተለይም የኪካፑዎች፣ ምድር እንደነበረም መዘንጋት የለበትም።

ቤቱ በ1870 ተጀምሮ በ1872 ተጠናቀቀ። ንድፉን ያወጣው አልፍሬድ ፒኬናርድ ሲሆን የኢሊኖይና የአዮዋ ግዛቶችን የምክር ቤት ሕንፃዎች በመሥራት የሚታወቅ መሐንዲስ ነው። ክፍሎቹ 36 ናቸው። ባለቤቶቹ ቀድሞ በዚሁ ቦታ ላይ በነበረ የእንጨት ቤት ይኖሩ ነበር፤ ስፍራውንም ክሎቨር ሎን ብለው ይጠሩት ነበር። አዲሱ ቤት በዘመኑ አዲስ የተባለውን ሁሉ ይዟል፤ የጋዝ መብራት፣ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የቤት ማሞቂያ፣ በቧንቧ የሚመጣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ። በዚያን ጊዜ የከተማው ሰው አብዛኛው ውኃ ከጉድጓድ ይቀዳ እንደነበር ስታስቡ ቤቱ ለጎረቤት ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ዕቃው አብዛኛው የዘመኑ፣ ብዙውም የቤተሰቡ የራሱ ነው፤ ቤቱ በቤተሰቡ እጅ ትውልድ ተሻግሮ ከቆየ በኋላ ነውና ለግዛቱ የተሰጠው። ጓሮ ያሉት የሠረገላ ቤት፣ የፈረስ ጋጣ፣ የማገዶ ቤትና የመጸዳጃ ቤቶች ሳይቀሩ አሉ። ሳሎኑን ብቻ አይታችሁ እንዳትወጡ፤ ወጥ ቤቱና ጓሮው በዚያ ቤት ሥራ የበዛበት ማን እንደነበር ይናገራሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ የሴራ ነው። ጉብኝቱም ይህን በሚገባ ያውቃል፤ የምሰጠውን ከፍተኛ ምስጋና የምሰጠው ለዚህ ነው። ባሏ ለአሥራ አራት ዓመት በአውራጃዎች ሲዞር፣ ከዚያም ለአሥራ አምስት ዓመት በዋሽንግተን በከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲቀመጥ፣ ቤቱን፣ እርሻውን፣ ሠራተኛውንና ልጆቹን ይዛ ብሉሚንግተን የቆየችው እሷ ናት። ሰባት ልጆች ወልዳ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሱላት ጆርጅና ሳሊ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ይህን ሳስብ የልጆቹ ክፍል አጠገብ ረዘም ላለ ጊዜ ቆምኩ። ከቤቱ ውጭ ያለው የአትክልት ቦታዋ ቅርጹ እንደ ተተከለበት ዘመን ተጠብቆ ይገኛል፤ በስሟም ይጠራል። በሰኔና በሐምሌ የሄደ ሰው አበባውን ሳያይ እንዳይመለስ። በደብዳቤ የተያዘ ትዳር ነበር፤ ዳኛው ከየማረፊያው የጻፈላት ደብዳቤዎች ባይኖሩ ኖሮ ስለ ተዘዋዋሪው ችሎት ኑሮ ዛሬ የምናውቀው እጅግ ያነሰ ይሆን ነበር። በ1879 ስትሞት በቤቱ የኖረችው ሰባት ዓመት ብቻ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ማንኛውም መኖሪያ ቤት ሊያሳየው የማይችል የዴቪስ ሕይወት ክፍል አለና ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ማንበብ ያስፈልጋል። በግንቦት 1860 ቺካጎ ላይ፣ ዊግዋም በተባለው የእንጨት አዳራሽ፣ የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩውን ሲመርጥ የሊንከንን ደጋፊዎች የመራው ይህ የአውራጃ ዳኛ ነበር። ትሬሞንት በተባለው ሆቴል ተቀምጦ ከየግዛቱ ከመጡ ልዑካን ጋር ሌሊቱን ሙሉ ይነጋገር ነበር፤ የኒው ዮርኩ ዊልያም ሴዋርድ ያሸንፋል ተብሎ ሲጠበቅ ሊንከን በሦስተኛው ዙር አሸነፈ። ዳኛ ሆኖ ሳለ የፖለቲካ ዘመቻ መምራቱ ዛሬ በፍጹም አይፈቀድም። ሊንከን በ1862 ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲሾመውም የወዳጅ ሹመት መሆኑን የካደ የለም፤ የብሉሚንግተኑ ጠበቃ ሊዮናርድ ስዌት ከመጎትጎት አላረፈም።

ዳኛው ግን የሾመውን ወዳጁን መንግሥት የሚቃወም ውሳኔ ለመጻፍ በቃ። ላምብዲን ሚሊጋን በኢንዲያና ውስጥ በሃንቲንግተን ከተማ የሚኖር ጠበቃ ነበር፤ በ1864 በጦር ኃይሉ ተይዞ በወታደራዊ ኮሚሽን ቀረበና ሞት ተፈረደበት፤ ቆይቶ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀነሰ። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ በ1866 የፍርዱን ሐተታ የጻፈው ዴቪስ ነው። የሲቪል ፍርድ ቤቶች ተከፍተው በሚሠሩበት ቦታ ሲቪልን በወታደራዊ ችሎት መዳኘት እንደማይቻል ተወሰነ። «የዩናይትድ ስቴትስ ሕገ መንግሥት በጦርነትም በሰላምም ጊዜ ለገዢዎችና ለሕዝብ እኩል ሕግ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር የተወሰደው ከዚያ ሐተታ ነው። አጎቴ ይህን በአማርኛ ስነግራቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ከዚያም ብዙ ደቂቃ ዝም ብለው መስኮቱን ተመለከቱ። ለምን ዝም እንዳሉ ሳልጠይቃቸው አውቄዋለሁ፤ በደርግ ዘመን ልዩ ችሎቶች ያዩትን እስከ ዛሬ በሙሉ አልነገሩኝም።

እዚህ ላይ ሐቁን ሙሉ ማድረግ ይገባል። ያው ውሳኔ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን በደቡብ ግዛቶች የወታደራዊ ችሎቶችን ሥራ ለማጥበብ ተጠቀመበት፤ የአካባቢው ፍርድ ቤቶች ለማይፈርዱላቸውና ገና ከባርነት ለወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ ወታደራዊው ችሎት የመጨረሻ መጠጊያ ነበር። አንድ የፍትሕ መርህ በኢንዲያና ሰው አድኖ በሚሲሲፒ ሰው ሊያጋልጥ እንደሚችል ማሰብ ለሙያዬ ቅርብ ስለሆነ፣ ይህን ክፍል ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልኩም።

የኋለኛውን ዘመኑን ባጭሩ ልለፈው። በ1877 የፕሬዚዳንት ምርጫ ውዝግብ ለመፍታት በተቋቋመው አሥራ አምስት አባላት ባሉት ኮሚሽን ውስጥ ወደ የትኛውም ፓርቲ የማያደላ ዳኛ ሆኖ እንዲቀመጥ ይጠበቅ ነበር፤ የኢሊኖይ ምክር ቤት ግን በዚያው ሰሞን ለሴኔት መረጠውና ኮሚሽኑን ተወ። በቦታው ጆሴፍ ብራድሊ ገባ፤ ኮሚሽኑም ስምንት ለሰባት በሆነ ድምፅ ራዘርፎርድ ሄይስን ለፕሬዚዳንትነት አበቃ። ባይተወው ምን ይሆን ነበር የሚለው ክርክር አላለቀም፤ እኔ ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ወንበሩን መልቀቁን አልወደድኩለትም። በሴኔት አንድ ዘመን አገለገለ፤ ከ1881 እስከ 1883 የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ባልነበረበት በዚያ ጊዜ በአገሪቱ ሥልጣን ተተኪነት ቀዳሚው ሰው እሱ ነበር። ከዚያ ወደ ብሉሚንግተን ተመልሶ በ1886 በዚህ ቤት አረፈ።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ከሥልጣን ጋር የማይገናኝ ነው። ሊንከን በ1865 ሲገደል ጠበቃ ሆኖ ሳለ ኑዛዜ አልነበረውም። ልጁ ሮበርት ዴቪስን ጠራው፤ ዴቪስም ውርስ አጣሪ ሆኖ ከሁለት ዓመት በላይ ንብረቱን አስተዳደረ፣ ዕዳውን ከፈለ፣ ገንዘቡን አሳደገ። በመጨረሻ ለሊንከን ባለቤትና ለሁለቱ ልጆቹ የተከፋፈለው ከ110,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ሕጉ የሚፈቅድለትን የአጣሪነት ክፍያ ግን አልወሰደም። ውርስ አጣሪ መሆን ምን ያህል ወዳጅ እንደሚያጣላ የሚያውቁት አጎቴ፣ «እዚህ ላይ ነው ሰውየውን ያመንኩት» አሉኝ።

ለመሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልጨምር። ቤቱ የሚታየው በአስጎብኚ ስለሆነ የጉብኝት ሰዓቱን አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ይበጃል፤ የማውንት ፑላስኪውም እንዲሁ። ደረጃ መውጣት አለበት፤ ጉልበታቸው ለደከመ አዛውንት ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ቢያጅባቸው መልካም ነው። ለቤቱና ለአትክልቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያዙ። መኪና ለሌለው ሰው ከቺካጎ የሚነሣው ባቡር ከብሉሚንግተን ጋር በተያያዘችው በኖርማል ከተማ ይቆማል፤ ችሎቱን ለማየት ግን መኪና የግድ ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ መሀል ከተማ በቀድሞው የአውራጃ ፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ ያለው የማክሊን አውራጃ የታሪክ ቤተ መዘክር ስለ ከተማዋ ሰዎች የተሟላ ሥዕል ይሰጣል። ሕግ ለሚማሩ የማኅበረሰባችን ወጣቶች ይህን ቀን ከልቤ እመክራለሁ፤ ልጆቼን በመጪው በጋ ለመውሰድ ወስኛለሁ፣ በዚያው ቅደም ተከተል።

ስንመለስ አጎቴ ዳኛው የተቀበረበትን ማየት ስለፈለጉ በኤቨርግሪን መቃብር ሥፍራ ቆምን። ከመቃብሩ አጠገብ ኮፍያቸውን እንደ ጠዋቱ አወለቁ፤ ከዚያ ወደ መኪናው ሲመለሱ፣ በበቅሎ ወደ አንድ ቆላ ወረዳ ሄደው ሦስት ቀን ስለ ቆዩበትና እስከ ዛሬ ትክክል መፍረዳቸውን እርግጠኛ ስላልሆኑበት አንድ የድንበር ክርክር ይነግሩኝ ጀመር።